«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ፍሪጅ ሲቆም ወሬው ስለ ወጥና ስለ ወተት ሆኖ አያልቅም። ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ አይደለችም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኛ የሐረጎን ዳገት ወርደን 1,850 ሜትር አካባቢ ነን። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ራሱ ይከብዳል።

ሰፈራችን ውስጥ የብዙ ሰው ፍሪጅ ሲበላሽ አይቻለሁ። ከባለሙያ ጋር አብሬ ቆሜ ያሠራሁትም አለ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ነገር ይኼ ነው፦ «ተበላሸ» ከሚባለው ፍሪጅ የብዙው ችግር ያለው ከፍሪጁ ውጭ ነው። መብራቱ፣ የቆመበት ቦታ፣ በሩ፣ አቧራው። እነዚህን ማንም ሰው መፍቻ ሳይዝ ሊያያቸው ይችላል። ከዚያ ያለፈው፣ ማለትም ጋዙና ሞተሩ፣ የባለሙያ ነው። እዚያ ውስጥ እጃችንን ባናስገባ ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ፍሪጅ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ይኼ ከገባን ሌላው ቀላል ነው። ፍሪጅ የመናኸሪያ ተሸካሚ ማለት ነው። ውስጥ ያለውን ሙቀት አንስቶ ውጭ ያራግፋል። ቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ሙቀቱን ይይዛል፤ ሞተሩ፣ ባለሙያዎቹ ኮምፕረሰር የሚሉት፣ ጋዙን ይገፋዋል፤ ከኋላ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ወይም በጎኑ በኩል ሙቀቱ ወደ ክፍሉ ይወጣል። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ጎናቸው ሲነካ የሚሞቀው ለዚህ ነው። «ጎኑ ጋለ፣ ሊቃጠል ነው» ብለው ከሶኬት የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። ሥራውን እየሠራ ነው፤ ተዉት። ይልቅ የሚያሳስበው ሞተሩ እየሠራ ጎኑም ኋላውም ቀዝቃዛ ከሆነ ነው።

ከመብራቱ እንጀምር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ። በእኛ ከተማ ፍሪጅ የሚገድለው በአብዛኛው መብራቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ሶኬቱን የሚሞክረው በስልክ ቻርጀር ነው። ስልኩ ከሞላ «መብራቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ፍሪጁ ነው» ይላል። ቻርጀሩን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡት። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። መብራቱ 150 ቮልት ቢወርድም ስልኩ ይሞላል። ፍሪጁ ግን የተሠራው ለ220 ነው። የፍሪጁ የውስጥ መብራትም ሊያታልል ይችላል። ኤልኢዲ ከሆነ ቮልቴጁ ወርዶም ይበራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኤሌክትሪሺያን የሆነው የአጎቴ ልጅ እናቴ ቤት መጥቶ ቴስተሩን ፍሪጁ አጠገብ ካለው ሶኬት ጋር አገናኘው። 208 አለ። ጥሩ ነው። ትንሽ ቆየን። ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈሩ እንጀራ የሚጋግርበት ሰዓት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን ምጣዷን ስትሰካ ቁጥሩ ወደ 190 ወረደ። ከዚያ ሌላ ቤት ተጨመረ መሰለኝ፣ 171። ልክ በዚያ ሰዓት ፍሪጁ ሊነሳ ሞከረ። «እምምም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ቀጭ»። ዝም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና «እምምም»፣ እንደገና «ቀጭ»። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታያለች። «አብሽሪ አክስቴ፣ ፍሪጅሽ ምንም አልሆነም፤ መብራቱ ነው አቅም ያነሰው» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የቤት ፍሪጅ እየሠራ ሳለ ከ100 እስከ 200 ዋት ቢስብ ነው። ሞተሩ በሚነሳባት ቅጽበት ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ከወረደ መዞር ያቅተውና ይግላል። ያኔ አጠገቡ ያለችው ትንሽ መከላከያ «ቀጭ» ብላ ትቆርጠዋለች። ይኼ ድምፅ በየጥቂት ደቂቃው ከተደጋገመ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተውሉ። የሚመጣው በምጣድ ሰዓት ብቻ ከሆነና ሌሊት ሰው ሲተኛ ፍሪጁ ደህና ከሠራ ችግሩ መብራቱ ነው። ሌሊትም ቀንም ከሆነ ግን የማስነሻ ሪሌዩ፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት የምትረዳው ትንሽ ዕቃ፣ ወይም ሞተሩ ሊሆን ይችላል። እሱን ባለሙያ ይየው። ሪሌይ ከሞተር ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ «ሞተሩ ሄዷል» ስትባሉ «ሪሌዩን ለይተህ ሞክረኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስታቢላይዘር ካላችሁ ጀርባውን ወይም ፊቱን እዩት። አንዳንዱ ላይ 6 ሰከንድ እና 180 ሰከንድ የሚል መምረጫ አለ፤ መብራት ሲመጣ ለዕቃው ከመልቀቁ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ ነው። ለቴሌቪዥን 6ቱ ይበቃል። ለፍሪጅ 180ው ነው። ሞተሩ ሲቆም ቱቦው ውስጥ በአንድ በኩል ያለው ግፊት ከሌላው በጣም ይበልጣል፤ ግፊቱ እኩል እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣ፣ እንደገና ሲሄድና ሲመጣ፣ ሞተሩ ያንን ግፊት ተሸክሞ ሊነሳ ይታገላል። የሚቃጠለው ያኔ ነው። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ንቀሉት። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ልጆቹንም አስተምሯቸው፤ መብራት ሲመጣ «መጣ!» ብለው እየጮኹ ሁሉንም ነገር የሚሰኩት እነሱ ናቸውና።

ፍሪጅን ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩ። መሰኪያው ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይም ሶኬቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ብሬከሩን አውርዱና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የፍሪጁን በር ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነም እንደዚያው። «ትንሽ ትነዝራለች፣ ለምደነዋል» የሚል ቤት ገጥሞኛል። በባዶ እግር እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ፍሪጅ የሚከፍት ልጅ ባለበት ቤት ይኼ አይለመድም። ያን ቀን ሳይመሽ መሠራት ያለበት ነገር ነው።

ቀጥሎ የቆመበት ቦታ። እኛ ሀገር ፍሪጅ የሳሎን ጌጥ ነው። አናቱ ላይ ዳንቴል ይለብሳል፣ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ የምረቃ ፎቶ፣ አንዳንዴም የቡና ሲኒዎች። እኔ በዳንቴሉ ቅር አይለኝም፤ ያምራል። ችግሩ ዳንቴሉ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ፍርግርጉን ሲሸፍን ወይም ፍሪጁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲቆም ነው። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩም ያለ እረፍት ይሠራል። ከኋላ ቢያንስ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተዉለት። ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ከቆላው ያንሳል፤ ስለዚህ እኛ ጋ ቦታው ሰፋ ቢል እመርጣለሁ። ከመስኮት የሚገባ የከሰዓት ፀሐይና አጠገቡ ያለ ምድጃም ያው ጉዳት ነው።

አቧራውን ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ወደ ጅቡቲ የሚሄድና ከጅቡቲ የሚመጣ ብዙ ከባድ መኪና በበራችን ያልፋል። መንገድ ዳር ያለ ቤት ውስጥ የፍሪጅ ጀርባ በጥቂት ወር ውስጥ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉት። ውሃ አትርጩበት። ቱቦዎቹን አታጣምሙ። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲያርፍ ትሰሙታላችሁ።

በሩ ቀላል ነው። ዙሪያውን ያለው ጎማ በቅቤና በወጥ ይጨማለቅና በደንብ መግጠሙን ይተዋል። በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ከዚያ አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገው ደህና ነው፤ ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ አየር ይገባል። ዙሪያውን በተለያየ ቦታ ሞክሩት። ሌላም መንገድ አለ። ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ውስጥ አስቀምጡና በሩን ዝጉ። ብርሃን የሚያሾልክበትን ቦታ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፍሪጁም ወደ ፊት ያዘነበለ እንዳይሆን እዩት። ፊቱ ትንሽ ከፍ ካለ በሩ ራሱ ይዘጋል።

ረመዳን ላይ የጎረቤቶቻችን ፍሪጆች በብዛት «አልቀዘቅዝ አሉ» የሚባሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ለማፍጠሪያ ጁሱ፣ ውሃው፣ ሾርባው ከእነ ሙቀቱ ባንዴ ይገባል፣ በሩ በየደቂቃው ይከፈታል። ፋሲካ ላይ የእኛም ያው ነው፤ የቅርጫ ሥጋ ፍሪዘሩን ሞልቶ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አይቀርም። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍሪጁን ለአንድ ቀን ታገሱት። ትኩሱን ውጭ አብርዱት፤ ሥጋውን ከፋፍላችሁ አስገቡት።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልበል። ውስጥ ያለችው የምትዞር ቁልፍ ላይ 1 እስከ 7 ወይም 1 እስከ 5 ተጽፏል። ዲግሪ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ «ይቀዝቅዝ» ብለው ወደ 1 ያዞሩታል። ትልቁ ቁጥር ነው የበለጠ የሚያቀዘቅዘው። ዋናው ክፍል 4 ዲግሪ ገደማ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ እውነቱን ይነግራችኋል። ቤታችሁ ኢንሱሊን ካለ ይኼ ቴርሞሜትር የግድ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ከሞቀው ባልተናነሰ የሚያስፈራው የበረደው ነው። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ስለዚህ ከኋላው ግድግዳ አታስጠጉት፣ ፍሪዘር ሥርም አታድርጉት።

ደሴ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ታኅሣሥ ላይ አክስቴ ደውላ «ይኼ ፍሪጅ በብርድ ነው እንዴ የሚበላሸው? ፍሪዘሩ ቀለጠ እኮ» አለችኝ። እሷ ጋ የሄደው ባለሙያ ምንም ሳይፈታ በሩን ከፍቶ ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት። እዚያ ላይ ፍሪጁ የተሠራለት የክፍል ሙቀት በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43። የእሷ «ቲ» ነበር፣ የቆመውም ሌሊት በጣም በሚበርድ ኮሪደር ላይ። አንድ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን ለክቶ ሞተሩን የሚያስነሳና የሚያቆም ክፍል፣ ብቻ ያለው ፍሪጅ የሚለካው የታችኛውን ክፍል ነው። ክፍሉ ከብርዱ የተነሳ ራሱ ሲቀዘቅዝ «በቃኝ» ብሎ ሞተሩን አያስነሳም። ያኔ ፍሪዘሩ ይቀልጣል። ፍሪጁን ሞቅ ወዳለ ክፍል አስገቡት፣ አለቀ። ያ ባለሙያ ቢፈልግ ኖሮ ጋዝ ሞላሁ ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ስልኩን ያዙ።

አሁን በረዶው። ፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ የጣት ውፍረት የሚያህል በረዶ ከያዘ አራግፉት፤ በረዶው ራሱ ቅዝቃዜውን ይከልላል። ግን በቢላ አይደለም። እለምናችኋለሁ፣ በቢላ አይደለም። ከበረዶው ጀርባ ያለው ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ጋዙ የሚዞረውም እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ «ትስ» ካለ ደህና የነበረ ፍሪጅ አለቀለት። ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጡ አስቀምጡና ጠብቁ። የአትክልቱ መሳቢያ ሥር ውሃ የሚያቁር ከሆነ ደግሞ ከኋላ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ተዘግታ ነው። በመርፌ የለሽ ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ግፉባት።

በረዶ የማይሠራው፣ ኖ ፍሮስት የሚባለው ዓይነት፣ ላዩ በርዶ ታቹ ከሞቀ፣ መጀመሪያ የአየር ቀዳዳዎቹ በዕቃ አለመደፈናቸውን እዩ። ከዚያ ነቅላችሁ በሩ ተከፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ይዋል ይደር። ተሰክቶ ለጥቂት ቀን ደህና ሠርቶ መልሶ ካቆመ፣ ይኼንኑ ለባለሙያው ንገሩት። በረዶ የሚያቀልጠው ክፍል መበላሸቱን ከወዲሁ ይጠረጥራል።

ቤታቸው ወይም ሱቃቸው ኤሲ ያስገቡ ሰዎችም እዚህ እየበዙ ነው። አሠራሩ አንድ ነው፤ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ። መጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪና የበረዶ ምልክቱ መመረጡን እዩ። የውስጠኛውን ሳጥን ክዳን ከፍታችሁ ፊልተሩን በውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቃችሁ መልሱ። የውጪው ሳጥን በፌስታልና በአቧራ እንዳይታፈን። ቱቦው በረዶ ከያዘ አጥፉና እስኪቀልጥ ተዉት። ቤት ውስጥ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተዘጋው የውሃ ማውረጃው ጎማ ነው። አጥፍቶ ወዲያው ማብራት ለእሱም አይበጅም።

ይኼን ሁሉ አይታችሁ ካልሆነ ባለሙያ ጥሩ። ያኔ «ጋዝ አልቋል» ልትባሉ ትችላላችሁ። ጋዙ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው ያለው፤ ቱቦው እስካልተበሳ ድረስ የዛሬ 15 ዓመትም እዚያው ነው። ቀንሶ ከሆነ የሾለከበት ቦታ አለ። ሞተሩ ያለ እረፍት እየሠራ ውርጩ ፍሪዘሩ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከያዘ ጥርጣሬው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ጠይቁ፦ የሾለከው የት ነው? ትበይደዋለህ? የጋዙን መስመር ፊልተር ትቀይራለህ? ጋዝ ከመሙላትህ በፊት ቱቦው ውስጥ የገባውን አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ታወጣዋለህ? ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ ግን ሰንብቶ ይወጣል፣ ገንዘባችሁም አብሮ።

ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የጋዝ ዓይነትም አንብቡ። አር-134ኤ ካለ አይቀጣጠልም። አር-600ኤ ካለ ግን ተቀጣጣይ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው የቤት ፍሪጅ ውስጥ ከ100 ግራም በታች ነው። ቢሆንም መስኮትና በር ሳይከፈት አጠገቡ ላይ እሳት አይለኮስም። አንዱን በሌላው መተካትም አይገባም።

ስትደውሉለት «ፍሪጁ ተበላሸ» ብቻ አትበሉት። ሞተሩ ይነሳል ወይስ አይነሳም? «ቀጭ» ይላል? ላዩ ይበርዳል? ከመቼ ጀምሮ? በቅርቡ ዕቃው ከቦታ ወደ ቦታ ተጉዟል? ከደሴ በአይሱዙ ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ስለሚሸሽ፣ ከመሰካቱ በፊት ለሰዓታት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩለት። ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ሐረጎን ሁለት ጊዜ ከመውጣትና ከመውረድ ይድናል።

እስኪመጣ ድረስ በሩን አትክፈቱ። የታችኛው ክፍል ተዘግቶ ከቆየ ለ4 ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ እስከ 24። ስለዚህ የፋሲካውን ሥጋ ያን ቀን ማታውኑ ለጎረቤት ለማከፋፈል አትቸኩሉ፤ ጠዋት ከፍታችሁ አሁንም ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው።